ኤሊ ምንድን ናት? የት ትኖራለች?

በቆላ አገር ከብት ስትጠብቁ ወይም እንጨት ስትለቅሙ፣ ድንጋይ መስላ የምትንቀሳቀስ እንስሳ አይታችሁ ይሆናል። ይህች ኤሊ ናት። ትምህርቱን ቀስ እያላችሁ አንብቡ፤ ማንበብ ላልቻለ ጎረቤትም አንብቡለት።

ኤሊ እንደ እባብና እንደ አዞ ከተሳቢ እንስሳት ወገን ናት። ሰውነቷ በራሱ አይሞቅም። ስለዚህ ጧት ጧት ፀሐይ ትሞቃለች፤ ቀትር ላይ ቁጥቋጦ ሥር ትጠለላለች። ጥርስ የላትም። ሣሩን የምትቆርጠው እንደ ወፍ መንቁር በጠነከረው አፏ ነው።

ብዙ ሰው ቅርፊቷን እንደ ልብስ ይቆጥረዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ቅርፊቷ ከጎድኗና ከጀርባ አጥንቷ ጋር አንድ ላይ የገጠመ ነው። ከውስጡ ልትወጣ አትችልም። ሲመቱት ያማታል፤ ሲሰበርም ትደማለች።

የምትኖረው የት ነው? በባሕር፣ በወንዝና በኩሬ የሚኖሩ ኤሊዎች አሉ። የየብስ ኤሊ ግን ደረቅ መሬት ትወዳለች። በአገራችን በአዋሽ አካባቢና በቦረና ቆላ የምትገኘው፣ ቅርፊቷ ቢጫ ሆኖ እንደ ነብር ጥቁር ነጠብጣብ አለበት። የእርሷ ዘር እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ ይገኛል። ሌላዋ ደግሞ ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በሰሐራ ዳርቻ ትኖራለች። ሙቀት ሲበረታባት መሬት ቆፍራ ትገባለች። ከ80 ኪሎ በላይ የምትመዝንም አለች።

ነጠብጣብ ያላት ኤሊ ጉድጓድ ምሳ ከ5 እስከ 30 እንቁላል ትጥልና አፈር ታለብሰዋለች። እንደ ዶሮ አትታቀፍም፤ የመሬቱ ሙቀት ይፈለፍለዋል። ይህም 8 ወር፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይፈጃል። የልጆቿ ቅርፊት ገና ለስላሳ ስለሆነ ብዙዎቹን ወፍና አውሬ ይበላቸዋል። የተረፉት ለመውለድ ከ10 ዓመት በላይ ይቆያሉ። የአገራችን ጊደር በ4 ወይም በ5 ዓመቷ ትወልዳለች። ስለዚህ አንዲት ትልቅ ኤሊ ብትሞት ቶሎ የሚተካት የለም።

ጥቅሟስ? ሣርና ፍሬ በልታ ዘሩን በፋንድያዋ በየሜዳው ትበትናለች። መርዝ የላትም፤ ከብትም አትነካም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ቅርፊቷ ከአውሬ ያድናታል፤ ከእሳት ግን አያድናትም። ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ከማቃጠላችሁ በፊት ቦታውን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ልጆች በድንጋይ እንዳይመቷት ምከሯቸው። በበጋ ያለ ምክንያት አታንሷት። ስትደነግጥ በፊኛዋ ያጠራቀመችውን ውሃ ትለቀዋለች፤ ያ ውሃ የበጋ ስንቋ ነው። አትክልት ውስጥ ከገባችባችሁ ግን በሁለት እጅ በቀስታ ይዛችሁ ቅርብ ወዳለ ጥላ ውሰዷት።

ጥያቄዎች
1. ኤሊ ከቅርፊቷ ልትወጣ የማትችለው ለምንድን ነው?
2. እንቁላሏን የሚፈለፍለው ምንድን ነው?
3. ኤሊ ለመውለድ ስንት ዓመት ይፈጅባታል? ከጊደር ጋር አወዳድሩ።
4. በአካባቢያችሁ ኤሊ አለች? የት የት ትታያለች? ሽማግሌዎችን ጠይቃችሁ በ3 መስመር ጻፉ።