የበሽታ ዱካ

በነገሌ ቦረና በኩል ግመል የጠፋበት ሰው ዱካ ይከተላል፤ ያገኘውን መንገደኛም ይጠይቃል። በሽታም ዱካ አለው። የሚገኘው ግን ሰው ሲጠይቅና ሲናገር ነው።

በ1985 ዓ.ም. በግንቦት ወር የናቫሆ ሕዝብ በሚኖርበት የአሜሪካ ደረቅ አገር አንድ ጤነኛ ጎረምሳ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። ሐኪሞች ቤተሰቡን ጠየቁ። ለካ እጮኛውም ከጥቂት ቀን በፊት እንደዚሁ ሆና ሞታለች። ሐኪሞቹ ዝም አላሉም፤ ሌሎች ሐኪሞችን ጠየቁ። ተመሳሳይ ሞት በሌላም ቦታ ተገኘ።

የአገሩ ሽማግሌዎችም ተጠየቁ። ዝናብ ጥሩ ሆኖ የዛፍ ፍሬ ሲትረፈረፍ አይጥ እንደሚበዛ፣ አይጥም በሽታ እንደሚያመጣ ያውቁ ነበር። አይጦች በወጥመድ ተይዘው ተመረመሩ። ሀንታ የሚባል ቫይረስ ተገኘባቸው። ቫይረስ በዓይን የማይታይ የበሽታ ተሕዋስ ነው። አይጧ ትሸከመዋለች እንጂ አትታመምም።

የአይጥ ሽንትና ዓይነ ምድር ሲደርቅ ከአቧራ ጋር ይቀላቀላል። ሰው ሲጠርግ አቧራው ይነሣና በትንፋሽ ይገባል። መጀመሪያ ትኩሳትና ቁርጥማት ይመጣል። ኋላ ሳንባ ውሃ ይቋጥራል። በሽታው በአሜሪካ ከያዛቸው ሰዎች ከሲሶ በላይ ሞተዋል።

በሽታው ብርቅ ነው። አሜሪካ በሠላሳ ዓመት ውስጥ የቆጠረችው 864 ሕሙማን ብቻ ነው። ይህን ማወቅ የተቻለው እያንዳንዱ ሕመምተኛ ስለተመዘገበ ነው።

በአገራችንም በ2005 ዓ.ም. በወጣ ጥናት፣ በትግራይ በተያዙ አይጦች ላይ የሀንታ ዘመድ የሆነ ቫይረስ ተገኝቷል። ጥናቱ የተደረገው በአይጥ ላይ እንጂ በሰው ላይ አይደለም። ቢሆንም በነገሌም፣ በያቤሎም፣ በሞያሌም እህል ባለበት አይጥ አይጠፋም። ስለዚህ መጠንቀቅ ይበጃል።

አይጥ የዋለበትን ጎተራ ወይም መጋዘን በደረቁ አትጥረጉ። በሩን ከፍታችሁ አናፍሱ። አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጣችሁ ቦታውን አርጥቡ። ጥቂት ቆይታችሁ በጨርቅ ጥረጉ። እጃችሁን በፌስታል ሸፍኑ፤ ኋላም በሳሙና ታጠቡ።

አይጥ በበዛበት ቦታ የሠራ ሰው ትኩሳት ይዞት ትንፋሽ ካጠረው ፈጥኖ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ስለ አይጡም ለሐኪሙ ይንገር። ሐኪሙ ጎተራውን አላየውም። ሕመምተኛው ካልነገረው ዱካው እዚያው ይጠፋል።

ጥያቄዎች
1. በሽታው ከአይጥ ወደ ሰው እንዴት ይተላለፋል?
2. የአይጥ ዓይነ ምድር በደረቁ የማይጠረገው ለምንድን ነው?
3. ሕመምተኛው ለሐኪም ምን መንገር አለበት?