ነጃሳ ነው የምንለው ወፍ



ሰበታ፣ ቡራዩ ወይም ሱሉልታ ከብት ሲታረድ ጥንብ አንሳ ሲያንዣብብ ፊታችሁን ታዞራላችሁ? ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንዲገደሉ ከፈቀዷቸው አምስት ጎጂ እንስሳት መካከል ቁራና ጭላት አሉ፤ እሱ ግን የለም። ሱረቱል አንዓም 38 በክንፉ የሚበረውም እንደኛው ኡመት መሆኑን ያስተምረናል።

አገራችን ካሏት የጥንብ አንሳ ዝርያዎች አራቱ በ2015 እ.ኤ.አ. ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተመዝግበዋል። አንዱ ገዳያቸው ለጅብና ለውሻ ተብሎ ሥጋ ላይ የሚደረግ መርዝ ነው። አንዱ ሲወርድ ሌላው አይቶ ስለሚከተል፣ አንድ የተመረዘ ጥንብ መንጋውን ይፈጃል።

በ1990ዎቹ ህንድ ውስጥ ዳይክሎፌናክ (እኛም ለሕመም የምንውጠው) የተሰጣቸውን ከብቶች ጥንብ በልተው አለቁ። ጥንቡ ለውሾች ቀረ፤ ውሾቹም በዙ።

ሰፈራችሁ «ውሻ እንመርዝ» ከተባለ፣ ሥጋው ላይ ሌላ ማን እንደሚወርድ ጠይቁ።

ጁሙዓ ሙባረክ!