ከሳተላይት ጋር ለመነጋገር ስንት ዶላር ይበቃል?

ጥያቄ፦ የምኖረው ሚኒሶታ፣ ኩን ራፒድስ፣ አፓርታማ ውስጥ ነው። በአማተር ሬዲዮ ከሳተላይት ጋር መገናኘት እፈልጋለሁ፤ ዕቃው ግን ከሺህ ዶላር በላይ ነው አሉኝ። አቅሜን የማይፈትን የለም?

መልስ፦ አለ። አስቀድመው ስለ አንቴናው ያስቡ። የሳተላይት ድምፅ ደካማ ነው፤ ውድ ሬዲዮ በአጭር የጎማ አንቴና ከሚሰማው ይልቅ ርካሽ የእጅ ሬዲዮ ወደ አንድ አቅጣጫ በሚያተኩር ያጊ አንቴና አጥርቶ ይሰማል። ያጊውን ከእንጨትና ከብረት ሜትር ቆርጠው ራስዎ ይሠሩታል። ኬብሉ ይጠር፤ ቀጭንና ረጅም ኬብል በሳተላይት ድግግሞሽ ሲግናሉን ይበላዋል።

በማዳመጥ ይጀምሩ፤ ለማዳመጥ ፈቃድ አያስፈልግም። የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ሪፒተር (ድምፅ ተቀብሎ መልሶ የሚያስተላልፍ መሣሪያ) በ437.800 ሜጋኸርዝ ይሰማል። ጣቢያው እጅግ ስለሚፈጥን ድግግሞሹ ጣቢያው ሲመጣ ወደ 437.810 ከፍ፣ ሲርቅ ወደ 437.790 ዝቅ ይላል። ስለዚህ በየ5 ኪሎኸርዙ አምስት ቻናል ሬዲዮው ላይ ይመዝግቡ። ለመናገር 145.990 ሜጋኸርዝን ከ67 ኸርዝ ቶን ጋር ይጠቀሙ፤ ለዚህ ግን የቴክኒሺያን ፈቃድ ግድ ነው። ፈተናው 35 ጥያቄ ነው፤ 26 ከመለሱ አለፉ።

ትንሽ ገንዘብ ከተረፈዎት ሁለተኛ ርካሽ ሬዲዮና የጆሮ ማዳመጫ ይግዙ። በአንዱ እየተናገሩ በሌላው የራስዎን ድምፅ ከሰማይ ሲመለስ መስማት አለብዎት፤ ካልሰሙ የሌላውን ሰው ንግግር ሊያቋርጡ ይችላሉ።

በረንዳው ሰማዩን ከጋረደብዎት ሚሲሲፒ ዳር ወዳለው የኩን ራፒድስ ግድብ ፓርክ ይሂዱ። በክረምት ባትሪውን ካፖርትዎ ውስጥ ያሙቁት፤ የሚኒሶታ ብርድ ቶሎ ያደክመዋል።