ከ«ሠለጠነ» ወደ «አሠለጠነ»

(አእማደ ግሥና የሕይወት ታሪክ አጻጻፍ)

ተማሪዎች፣ አንድ የጦር ውርወራ ባለድል በወጣትነቱ ሲወዳደር «ጦሩን ወረወረ» እንላለን። ይኸው ሰው ዕድሜው ከገፋ በኋላ በአንድ ኮሌጅ አሠልጣኝ ቢሆን፣ ጦሩን የሚወረውሩት ተማሪዎቹ ናቸው፤ የእርሱ ሥራ «አስወረወረ» ይባላል። ሁለቱን ግሦች የሚለያቸው «አስ» የተባለው ባዕድ መነሻ ብቻ ነው። ሆኖም በዚህ ባዕድ መነሻ ውስጥ የአንድ ሰው ሕይወት መታጠፊያ ሊገለጥ ይችላል። በዚህ ትምህርት አእማደ ግሥን ትለያላችሁ፤ ከዚያም የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ እንዴት እንደምትጠቀሙባቸው ትማራላችሁ።

ሀ. አእማደ ግሥ

የሚከተሉትን ዐረፍተ ነገሮች አስተውሉ።

1. አድራጊ፦ ልጁ ጦሩን ወረወረ።
2. አስደራጊ፦ አሠልጣኙ ልጁን ጦር አስወረወረው።
3. ተደራጊ፦ ጦሩ ተወረወረ።
4. ተደራራጊ፦ ልጆቹ ኳስ ተወራወሩ።
5. አደራራጊ፦ አሠልጣኙ ልጆቹን ኳስ አወራወራቸው።

ማስታወሻ፦ አስደራጊ ግሥ በ«አ» ወይም በ«አስ» ይመሠረታል። ተሳቢ የማይፈልጉ ብዙ ግሦች «አ»ን ይወስዳሉ፤ ሠለጠነ — አሠለጠነ፣ ወጣ — አወጣ። ተሳቢ የሚፈልጉት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ «አስ»ን ይወስዳሉ፤ መታ — አስመታ፣ ወረወረ — አስወረወረ። ሁለቱንም የሚወስዱና ትርጉማቸው የሚለያይ ግሦችም አሉ። «ኳሷ ገባች»፤ «አጥቂው ኳሷን አገባ»፤ «አሠልጣኙ ተጠባባቂውን ተጫዋች አስገባ» የሚሉትን አወዳድሩ።

ለ. ምንባብ

አሁን ከውርወራ ሜዳ ወደ እግር ኳስ ሜዳ እንሻገር። ቀጥሎ ያለውን ምንባብ በጥሞና አንብቡ፤ ስታነቡም እያንዳንዱ ድርጊት የማን እንደሆነ ልብ በሉ።

ድሬዳዋ ያደገችው ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. በደረሰበት ሥፍራ ነው። ባቡሩ ንግድን አመጣ፤ ከንግዱም ጋር ፋብሪካዎች ተተከሉ፤ የፋብሪካ ሠራተኞችም የእግር ኳስ ቡድን አቋቋሙ። ከእነዚህ አንዱ፣ በተለምዶ «ኮተን» የሚባለው የጥጥ ፋብሪካ ቡድን፣ በ1950ዎቹ ዓመታት የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ደጋግሞ አሸነፈ። ከዚህ ቡድን ተጫዋቾች መካከል ስሙ እጅግ የገነነው ሉቺያኖ ቫሳሎ ነው።

ሉቺያኖ በ1927 ዓ.ም. ከኤርትራዊት እናትና ከጣሊያናዊ አባት በአስመራ ተወለደ። እግር ኳስን በትውልድ ከተማው ጀመረ፤ ኋላም ወደ ድሬዳዋ መጥቶ ለኮተን ተጫወተ።

በዚያን ዘመን የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን በግብፅ ላይ የቆየ ቁጭት ነበረበት። በ1949 ዓ.ም. ካርቱም ላይ በተደረገው የመጀመሪያው የአፍሪካ ዋንጫ 4 ለ 0 ተሸንፏል፤ በ1951 ዓ.ም. ካይሮ ላይም እንደገና 4 ለ 0 ተሸንፏል። ሦስተኛው ውድድር በ1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሲደረግ የቡድኑ አምበል ሉቺያኖ ነበር። ቡድኑን ያሠለጠኑት ደግሞ ቀድሞ የቅዱስ ጊዮርጊስ ተጫዋች የነበሩት አቶ ይድነቃቸው ተሰማ ነበሩ።

ጥር 13 ቀን በተደረገው የፍጻሜ ግጥሚያ ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀደመች፤ ኢትዮጵያም ሁለት ጊዜ አቻ ሆነች። ሁለተኛዋን የአቻነት ግብ በ84ኛው ደቂቃ ያገባው ራሱ አምበሉ ነበር። በተጨማሪው ሰዓት ወንድሙ ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አንዳንድ ግብ አገቡ። ጨዋታው 4 ለ 2 በሆነ ውጤት ተፈጸመ፤ ንጉሠ ነገሥቱም ዋንጫውን ለሉቺያኖ አስረከቡት።

ሉቺያኖ ኋላ የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሆነ። ከ1966ቱ አብዮት በኋላ ሀገር ለቆ በጣሊያን ሲኖርም ታዳጊዎችን ኳስ አሠለጠነ። በመስከረም 2015 ዓ.ም. ዐረፈ። መንግሥቱ ወርቁም እንደ እርሱ ከተጫዋችነት ወደ አሠልጣኝነት ተሻግሮ ብሔራዊ ቡድኑን መራ።

ሐ. ማብራሪያ

በምንባቡ ውስጥ የሉቺያኖ ሕይወት በግሦች ተገልጿል፤ ተወለደ፣ ጀመረ፣ ተጫወተ፣ ተሸነፈ፣ አገባ፣ አሠለጠነ። ጸሐፊው «ታላቅ»፣ «ድንቅ»፣ «ወደር የሌለው» የሚሉ ቅጽሎችን አልደረደረም። በ84ኛው ደቂቃ የገባችው ግብ ከብዙ ቅጽል ይልቅ ስለ ሰውየው ትናገራለችና።

አሁን «አሠለጠነ» የሚለውን ግሥ ለብቻው ተመልከቱ። በአስደራጊ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ባለ ድርጊቶቹ ሁለት ናቸው። «አሠልጣኙ አጥቂውን ቅጣት ምት አስመታው» ስንል ባለቤቱ አሠልጣኙ ነው፤ ኳሷን የሚነካው እግር ግን የአጥቂው ነው። አንዱ ከተረሳ ሐሳቡ ይጎድላል። ስለዚህ «በ1954 ዓ.ም. ዋንጫውን ያሸነፈው ማን ነው?» ቢባል፣ መልሱን በሁለት ግሥ መስጠት ይገባል፤ ተጫዋቾቹ አሸነፉ፤ አሠልጣኙ ለድል አበቋቸው። «አሠልጣኙ አራት ግብ አገቡ» ብሎ የሚጽፍ ሰው የተጫዋቾቹን ላብ ይሰርዛል። አሠልጣኙን ጨርሶ የማያነሣም የዝግጅቱን ወራት ይሰርዛል።

ከአድራጊነት ወደ አስደራጊነት መሻገር ቀላል አይደለም። የሠለጠነ ተጫዋች ኳስ ሲመታ የቆመበትን እግር፣ የሰውነቱን ዘንበል ማለት፣ የዐይኑን አቅጣጫ አያስብም፤ ሁሉም በልምምድ ገንዘቡ ሆነውለታል። ሌላውን ሲያስመታ ግን እነዚህን አንድ በአንድ ነጥሎ በቃል መግለጥ ግድ ይሆንበታል። ሲመታ ያላሰበውን ሲያስመታ ያስባል። ጦር ወርዋሪውም ሯጩም እንዲሁ ናቸው። ባለድል ሁሉ ጥሩ አሠልጣኝ የማይሆነው በዚህ ምክንያት ነው። ባለድሉ ክንዱ ወይም እግሩ ሲደክም ዕውቀቱም አብሮት እንዳይቀር የሚያደርገው ይህን ድካም የተቀበለ እንደሆነ ብቻ ነው።

የሕይወት ታሪክ ስትጽፉ የሚከተሉትን አትዘንጉ።

1. ድርጊቱን በዘመን ቅደም ተከተል አስቀምጡ፤ ዓመተ ምሕረቱንም ጥቀሱ።
2. ሕይወቱ የታጠፈበትን ነጥብ ፈልጋችሁ በግልጽ አሳዩ።
3. አድራጊውን ከአስደራጊው ለዩ፤ የአንዱን ሥራ ለሌላው አትስጡ።
4. ቅጽል ከመጨመራችሁ በፊት ተስማሚ ግሥ ፈልጉ።

መ. መልመጃ

1. ከምንባቡ ሦስት ተደራጊ ግሦችን አውጡና በየራሳቸው ዐረፍተ ነገር ሥሩባቸው።

2. የሚከተሉትን ግሦች ወደ አስደራጊ ለውጡ፤ «አ» ወይም «አስ» የወሰዱበትን ምክንያት አስረዱ፦ ሰበረ፣ ቆመ፣ ጻፈ፣ ተኛ፣ ለቀመ።

3. «አቶ ይድነቃቸው ቡድኑን አሠለጠኑ፤ ሉቺያኖ ግብ አገባ» የሚለውን «ምክንያቱም»፣ «ስለሆነም» ወይም «ነገር ግን» ከሚሉት አያያዦች በአንዱ ልታገናኙት ብትሞክሩ ሐሳቡ እንዴት እንደሚለወጥ በቡድን ተወያዩ።

4. በአካባቢያችሁ ሙያውን ለሌሎች ያስተላለፈ አንድ ሰው ምረጡ፤ አሠልጣኝ፣ ሸማኔ፣ መካኒክ ወይም መምህር ሊሆን ይችላል። ሰውየውን ጠይቃችሁ ባለ ሦስት አንቀጽ የሕይወት ታሪክ ጻፉ። በመጀመሪያው አንቀጽ የሠራውን፣ በሁለተኛው ማስተማር የጀመረበትን ጊዜና ምክንያት፣ በሦስተኛው ደግሞ ያስተማራቸው ሰዎች ዛሬ የሚሠሩትን ግለጡ። ከጨረሳችሁ በኋላ በሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ ያሉትን ግሦች አስምሩባቸው፤ ባለቤቶቻቸው እነማን እንደሆኑም ለክፍል ጓደኞቻችሁ አስረዱ።