የግድግዳ ርጥበት ከየት እንደሚመጣ ስለ መመርመር

ክረምቱ አልፎ መስከረም ሲጠባ፣ በየመኖሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የግድግዳው ግርጌ ልስኑ ሲላላጥ፣ ቀለሙም ሲያብጥ ይታያል። ባለቤቱ ብዙውን ጊዜ ሳይመረምር ግንበኛ ጠርቶ በሲሚንቶ ያስለስነዋል፤ በሚመጣው ዓመት ግን ርጥበቱ ከአዲሱ ልስን በላይ ከፍ ብሎ ይገኛል። ጉዳቱም የገንዘብ ብቻ አይደለም። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2009 ዓ.ም. ባወጣው መመሪያ እንደ ገለጸው፣ ርጥበትና ሻጋታ ባለበት ቤት የሚኖሩ ሰዎች በአስምና በሌላም የመተንፈሻ አካል ሕመም ይበልጥ ይጠቃሉ። ስለዚህ ከመለሰን አስቀድሞ የውኃውን ምንጭ ማወቅ ይገባል እንላለን።

ውኃ ከመሬት ወደ ግድግዳ የሚወጣው የኩራዝ ክር ላምባን ወደ ላይ እንደሚስብ ነው። ይህ ርጥበት ከወለሉ ጀምሮ ይነሣል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ሜትር ተኩል በላይ አይወጣም፤ በላይኛው ዳርቻውም ቡናማ መስመርና ነጭ የጨው ዱቄት ይተዋል። ጨዉ ከአፈሩ ከውኃው ጋር የወጣ ሲሆን፣ ውኃው ሲተን እርሱ ይቀራል። ጨው የአየሩን ርጥበት ስለሚስብ፣ ምንጩ ከተዘጋ በኋላ እንኳ ግድግዳው እርጥብ መስሎ ሊታይ ይችላል። በኤሌክትሪክ የሚሠራው የርጥበት መለኪያም በዚሁ ጨው ይታለላልና፣ መሣሪያውን ብቻ አምኖ የሚፈርድ ሠራተኛ አያስተማምንም።

ነገር ግን የግርጌ ርጥበት ሁሉ ከመሬት የወጣ አይደለም። አሸንዳ በሌለው የቆርቆሮ ቤት ጠፈጠፉ መሬት መትቶ ሲረጭ ግድግዳውን ከውጭ ያርሰዋል፤ በዚህ ጊዜ የጭቃው ፍንጣቂ በውጭ በኩል ይታያል። ግቢ ሲደለደል ወይም አበባ ሲተከል አፈሩ ከወለሉ በላይ ተቆልሎ እንደ ሆነም ይታይ። በበጋ የማይደርቅና በአንድ ስፍራ የተወሰነ ርጥበት ግን ቧንቧን ያስጠረጥራል፤ ማታ ቧንቧውን ሁሉ ዘግቶ የውኃው ቆጣሪ ይዞር እንደ ሆነ መመልከት ነው።

ሌላው ምንጭ እኛው ራሳችን ነን። ብዙ ሰው በሚተኛበት፣ ድስት በሚጣድበትና መስኮት በማይከፈትበት ክፍል ትንፋሹና እንፋሎቱ በቀዝቃዛው ግድግዳ ላይ ጤዛ ይሆናል። ከቁም ሣጥን ኋላና በማዕዘን የሚበቅለው ጥቁር ሻጋታ ብዙ ጊዜ የዚህ ምልክት ነው። ለመለየት መዳፍ የሚያህል ስስ የአሉሚኒየም ወረቀት ዙሪያውን በፕላስተር በግድግዳው ላይ አጣብቆ 1 ወይም 2 ቀን ማቆየት ይበቃል። ጠብታው ወደ ክፍሉ በዞረው ፊት ከተገኘ ከአየሩ፣ ከጀርባው ከተገኘ ከግድግዳው የመጣ ነው። መምህራን ይህን ከተማሪዎቻቸው ጋር በክፍላቸው ሊያደርጉት ይችላሉ።

ለጠፈጠፍ አሸንዳና ቦይ፣ ለተቆለለ አፈር አካፋ፣ ለጤዛ የተከፈተ መስኮት ይበቃል። ከመሬት ለሚወጣው ግን የሲሚንቶ ልስን መድኃኒት አይደለም፤ ውኃው መተኛ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፤ በጭቃ ቤትም ውስጡ ያለውን ቋሚ እንጨት ያበሰብሳል። የጭቃ ምርጊት ወይም የኖራ ልስን ርጥበቱ እንዲተን ስለሚያደርግ ይመረጣል። በግድግዳው ላይ የቀረው ጨውም በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ እንጂ አይታጠብ፤ ውኃ ጨዉን አሟሙቶ መልሶ ወደ ውስጥ ያስገባዋልና።