ወደ ሊንክድ ሊስት አባል መጨመር፦ የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የጋራ ጣቢያዎች እንደ ንድፍ ማሳያ

አኅጽሮተ ጥናት

በኦብጀክት ተኮር ፕሮግራሚንግ ትምህርት፣ ወደ ሊንክድ ሊስት አባል መጨመር አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ጠቋሚዎች ለውጥ ሆኖ ይቀርባል። ይህ ጽሑፍ ከዚያ የሚቀድም የንድፍ ጥያቄ መኖሩን ያሳያል፤ ጥያቄውም አንዱን አባል ከሌላው የሚያስተሳስረው ጠቋሚ በየትኛው ክላስ ውስጥ ይቀመጥ የሚል ነው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች ለማሳያነት ተወስደዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ ሊንክድ ሊስት፣ ኖድ፣ ጠቋሚ፣ ክላስ፣ የጋራ አባል

1. መግቢያ

ሊንክድ ሊስት እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ አለን ኒዌል፣ ክሊፍ ሾው እና ኸርበርት ሳይመን ባዘጋጁት ኢንፎርሜሽን ፕሮሰሲንግ ላንጉጅ ውስጥ መሠረታዊ የዳታ አወቃቀር ሆኖ አገልግሏል። አሬይ አባላቱን ጎን ለጎን ሲያስቀምጥ፣ በሊንክድ ሊስት ግን እያንዳንዱ ኖድ የቀጣዩን ኖድ አድራሻ ይይዛል። በመሆኑም በመካከል አዲስ አባል ሲገባ ሌሎቹ ከሥፍራቸው አይንቀሳቀሱም።

በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ለዚህ አወቃቀር ቅርብ ምሳሌ ነው። የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ከአያት ተነሥቶ በኮልፌ ቀራንዮ መዳረሻ፣ በጦር ኃይሎች ያበቃል። ሌላው መስመር ቃሊቲን ከዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ጋር ያገናኛል። ሁለቱም ስታዲየምን፣ ለገሃርን፣ ሜክሲኮን፣ ተግባረ ዕድንና ልደታን ይጋራሉ።

2. በመጨረሻ ላይ መጨመር

የምሥራቅ–ምዕራቡ ዝርዝር ከአያት ይጀምር፤ መስመሩም ከጦር ኃይሎች ወደ ዘነበወርቅ ተራዘመ ተብሎ ይታሰብ። ዝርዝሩ የመጀመሪያውን ኖድ ብቻ የሚያውቅ ከሆነ፣ አንዱን ጣቢያ ለመጨመር ነባሮቹን ሁሉ ማቋረጥ ግድ ይሆናል፤ የሚፈጀው ጊዜም ከጣቢያዎቹ ብዛት ጋር ያድጋል። የዝርዝሩ ክላስ «መጨረሻ» የሚል ጠቋሚ ከያዘ ግን ተግባሩ በቋሚ ጊዜ ይጠናቀቃል። ዝርዝሩ ባዶ ሲሆን አዲሱ ኖድ መጀመሪያም መጨረሻም መሆን ይገባዋል።

3. በመካከል መጨመር

ከልደታ ቀጥሎ፣ ከኮካኮላ በፊት አዲስ ጣቢያ ይግባ ቢባል፣ ትክክለኛው ቅደም ተከተል የሚከተለው ነው፦

ሀ) አዲስ.ቀጣይ ← ልደታ.ቀጣይ
ለ) ልደታ.ቀጣይ ← አዲስ

ተራው ቢገለበጥ፣ ልደታ አስቀድሞ ወደ አዲሱ ስለሚያመለክት አዲሱ ኖድ ራሱን ቀጣዩ ያደርጋል። ዝርዝሩን የሚያነብ ፕሮግራም በዚያ ኖድ ላይ ያለማቋረጥ ይሽከረከራል፤ በዚያ መንገድ ወደ ኮካኮላና ጦር ኃይሎች መድረስ አይቻልም። ሁለቱም ትእዛዞች በየግላቸው ትክክል በመሆናቸው ኮምፓይለሩ ስሕተቱን አያመለክትም። ሥፍራው አስቀድሞ ከታወቀ ማስገባቱ ቋሚ ጊዜ ይወስዳል፤ ሥፍራውን መፈለግ ግን ዝርዝሩን መከተል ይጠይቃል።

4. የጋራው ጣቢያ

ሁለተኛው ዝርዝር ከቃሊቲ ወደ ዳግማዊ ምኒልክ አደባባይ ይነበብ። በመጀመሪያው ዝርዝር የልደታ ቀጣይ ኮካኮላ ነው፤ በሁለተኛው ግን ዳርማር ነው። «ቀጣይ» የሚለው ጠቋሚ በ«ጣቢያ» ክላስ ውስጥ ከተቀመጠ፣ ልደታ ሁለት ቀጣይ ሊኖረው አይችልም። ሁለተኛው ዝርዝር ሲገነባ የመጀመሪያው ትስስር ይሻራል። ከዚያ በኋላ ከአያት ተነሥቶ ጦር ኃይሎችን የሚፈልግ ፕሮግራም ልደታ ላይ ወደ ሰሜን ይታጠፋል፤ ወደ ኮልፌ የሚያደርሰውንም ጣቢያ አያገኝም። የመጨመሪያው ሜተድ እንከን ባይኖርበትም ውጤቱ የተሳሳተ ይሆናል።

ኦሌ-ዮሃን ዳል እና ክሪስተን ኒጋርድ በኖርዌይ በሠሩት ሲሙላ 67፣ የዝርዝር አባል የሚሆን ኦብጀክት ማያያዣውን «ሊንክ» ከተባለ ክላስ ይወርሳል። ኦብጀክቱ ወደ አዲስ ዝርዝር ሲገባ ቀድሞ ከነበረበት ይወጣል። ይህ ትስስሩን ከመበላሸት ይጠብቃል፤ ነገር ግን አንድ ኦብጀክት በአንድ ጊዜ በአንድ ዝርዝር ብቻ እንዲገኝ ያስገድዳል። ልደታ ወደ ሁለተኛው መስመር ሲገባ ከመጀመሪያው ይሰረዛል ማለት ነው።

የጃቫ «ሊንክድ ሊስት» ክላስ የተለየ መንገድ ይከተላል። አባሉን፣ ቀዳሚውንና ቀጣዩን የሚይዝ ኖድ በክላሱ ውስጥ በግል ተደብቋል። ሁለቱ ዝርዝሮች ለልደታ የየራሳቸውን ኖድ ይፈጥራሉ፤ ሁለቱም ኖዶች ግን ወደ አንዱ የልደታ ኦብጀክት ያመለክታሉ። የጣቢያው ስም ቢለወጥ ለውጡ በሁለቱም ዝርዝር ይታያል፤ የአንዱ መስመር ቅደም ተከተል ግን የሌላውን አይነካም። ኖዱ የተደበቀ በመሆኑ በክፍል 3 የተገለጸውን ስሕተት የክላሱ ተጠቃሚ ሊፈጽመው አይችልም።

ይህ ንድፍ የሚያስከፍለው ዋጋ አለ። ለእያንዳንዱ ጭማሪ ተጨማሪ ኦብጀክት ይፈጠራል፤ አባሉ ኖዱን ስለማያውቅም እርሱን ከዝርዝሩ ለማውጣት ፍለጋ ያስፈልጋል። የሊነክስ ከርነል በአንጻሩ ማያያዣውን በአባሉ መዋቅር ውስጥ ያኖራል። አባሉ የሚገባባቸው ዝርዝሮች ብዛት አስቀድሞ ከታወቀ፣ ለእያንዳንዱ አንድ ማያያዣ መመደብ ይቻላል።

5. ማጠቃለያ

አንድ አባል ከአንድ በላይ በሆኑ፣ ቁጥራቸውም አስቀድሞ ባልታወቀ ዝርዝሮች ውስጥ ሊገኝ የሚችል ከሆነ፣ ማያያዣው ከአባሉ ተለይቶ በኖድ ውስጥ መቀመጥ አለበት። አባሉ የአንድ ዝርዝር ብቻ ሲሆን ወይም ፈጣን ማስወገድ ሲፈለግ በአባሉ ውስጥ ማኖር ተገቢ ሊሆን ይችላል። አንድ ዝርዝር ብቻ የሚገነባ ፈተና ይህን ልዩነት አያሳይም፤ ሁለቱም ንድፎች ያልፉታልና። ስለዚህ በቤተ ሙከራ ልምምድ ተማሪዎች አንድን ኦብጀክት ወደ ሁለት ዝርዝሮች ጨምረው ሁለቱንም እስከ መጨረሻቸው እንዲያነቡ ማድረግ ይመከራል።