«ደህና ነኝ» ላለህ ባልደረባ አንድ ጥያቄ ጨምር

ዛሬ ጠዋት ሥራ ስትገባ ስንት ሰው «ሰላም ነው?» አልክ?

ስንቱስ እስኪመልስልህ ጠበቅክ?

እውነቱን እንነጋገር። አብዛኞቻችን ሰላምታ የምንሰጠው እየተራመድን ነው። «ደህና ነህ?» «ደህና፣ አልሃምዱሊላህ።» አለቀ! ሌሊቱን እንቅልፍ ሳይወስደው ያነጋ ሰው ከጎንህ ተቀምጦ ፋይል ያገላብጣል። አንተ ግን አላወቅክም።

ማወቅ ትችላለህ። አሳይታ፣ ሰመራ ወይም አዋሽ የምትሠራ ከሆነ ደግሞ አስተማሪህ ጎረቤትህ ነው። ከአፋሮች ዳጉን ተማር!

ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ሰላም ተባብለው ቁጭ ይላሉ። ከየት መጣህ? ምን አየህ? ምን ሰማህ? ዝናቡ የት ጣለ? ማን ታመመ? አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል። ከዚያ ተራው ይቀየራል። ዳጉ ማለት ይህ ነው። ቸኩያለሁ ብሎ ዳጉ ሳይለዋወጡ ማለፍ ነውር ነው። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በሚያልፍበት አገር የውኃና የግጦሽ ወሬ የሰውም የከብትም ሕይወት ነውና።

ለግጦሽ ወሬ ቁጭ የሚባል ከሆነ ለባልደረባህ ጭንቀት አምስት ደቂቃ ይጠፋል?

እስቲ ዙሪያህን ተመልከት። ሎጊያ ቤት ተከራይቶ ሰመራ የሚሠራው ሰው ልጆቹን ደሴ ወይም አዲስ አበባ ትቶ የመጣ ሊሆን ይችላል። አሳይታ የተመደበችው መምህርት ማታ ማታ የሚያጫውታት ስልኳ ብቻ ይሆናል። በ2017 ዓ.ም. አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬት ደጋግሞ ሲንቀጠቀጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው ከቀዬው ተነሥቷል። ነርሱም፣ መምህሩም፣ የቀበሌ ሠራተኛውም እንደማንኛውም ሰው ደንግጠዋል። በማግስቱ ግን ሰው የሚያስተናግዱት እነሱ ናቸው።

እነዚህን ሰዎች ማን ይጠይቃቸው? አለቃ? መመሪያ? ኮሚቴ?

አንተ!

«እኔ ሐኪም አይደለሁም» ትለኝ ይሆናል። የዚምባብዌ አያቶችም ሐኪሞች አልነበሩም። የአእምሮ ሐኪሙ ዲክሰን ቺባንዳ እ.ኤ.አ. በ2006 ሐራሬ ላይ ሥራውን የጀመረው በ14 አያቶች ነው። ሥልጠና ሰጣቸው፣ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው። ሥራቸው የተጨነቀ ሰው ማዳመጥና መፍትሔውን ራሱ እንዲያገኝ መርዳት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ ጥናት ከአያቶቹ ጋር የተነጋገሩ ሰዎች የተለመደውን ሕክምና ብቻ ካገኙት ይልቅ እንደተሻላቸው አሳየ።

«የሥራ ሰዓት ማባከን ነው» የሚልህ አለቃ ካለም ቁጥሩን ንገረው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በድብርትና በጭንቀት ምክንያት በየዓመቱ 12 ቢሊዮን የሥራ ቀን ይባክናል። የአምስት ደቂቃ ሻይ ርካሽ ነው።

እንዴት ልጀምር? አትበል። ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣው መመሪያ አደጋ ለደረሰበት ሰው የሚሰጠውን የመጀመሪያ የሥነ ልቦና እርዳታ በሦስት ቃል አስቀምጦታል። ማየት፣ ማዳመጥ፣ ማገናኘት። ለቢሮህም ይሠራል።

እይ። ሁልጊዜ የሚቀልደው ዝም ካለ፣ ቀድሞ የሚገባው ማርፈድ ካበዛ፣ ምሳ አብራህ የምትበላዋ ሰበብ ማብዛት ከጀመረች ልብ በል።

አዳምጥ። ሰው በተሰበሰበበት አትጠይቀው። ወደ ጥላ ውጡ፣ ሻይ እዘዙ፣ ስልክህን ድፋው። «ሰሞኑን ዝም አልክብኝ፤ በሰላም ነው?» በለው። «ምንም አይደል» ካለህ አትጫነው። «እሺ፣ ስትፈልግ አለሁ» በልና ሌላ ቀን ድገመው። መናገር ከጀመረ ደግሞ አታቋርጠው። «ይቺማ ምን አላት፣ የእኔን ብታይ!» አትበል። «አይዞህ፣ ያልፋል» ጥሩ ቃል ነው። ሰውየው ሳይጨርስ ከቀደመ ግን አፍ ማስያዣ ይሆናል። መጀመሪያ ይጨርስ።

አገናኝ። ሁሉን ልሸከም አትበል። ጭንቀቱ ከሥራ ጫና የመጣ ከሆነ አብራችሁ ለአለቃ አቅርቡ። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ካጣ ሳምንታት ካለፉ ጤና ተቋም አብረኸው ሂድ። «አማኑኤል ሆስፒታል ይውሰዱህ እንዴ?» እያልክ አትቀልድ፤ በዚህች ቀልድ ስንቱ ሕክምና ፈርቶ ቀርቷል! «መኖር ሰልችቶኛል» ካለህ ደግሞ ብቻውን አትተወው። ቀጠሮ አትስጥ። የዚያኑ ቀን ወደ ባለሙያ አድርሰው።

አንድ ነገር ግን ከዳጉ ይለያል። ዳጉ ለቀጣዩ መንገደኛ ይተላለፋል፤ የባልደረባህ ምስጢር አንተ ዘንድ ይቀራል። ለቡና ጠጪ አይወራም። ለአለቃ አይነገርም። ሕይወቱ አደጋ ላይ ካልወደቀ በቀር ሳታስፈቅደው ለማንም አታንሣው። አንዴ ካወጣኸው ሁለተኛ የሚያምንህ የለም።

አንተስ? አንተም ሰው ነህ። ተራህ ሲደርስ ተናገር! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። ሁሌ ጠያቂ፣ ሁሌ ጠንካራ ልሁን ማለት ጀግንነት አይደለም።

ይህ ሁሉ በጀት አይጠይቅም። ደብዳቤ አያስፈልገውም። የሚፈልገው ልማድ ነው፤ ልማድ ደግሞ በመደጋገም ይመጣል። በቀን አንድ ሰው፣ አንድ ጥያቄ፣ አምስት ደቂቃ። መጀመሪያ ያሳፍርሃል። ከዚያ ትለምደዋለህ። ከዚያ ባልደረቦችህም እርስ በርስ መጠያየቅ ይጀምራሉ።

ወዳጄ፣ ነገ ጠዋት አንድ ሰው ምረጥ። ቁጭ በል። ጠይቀው። እስኪጨርስም አትነሣ!